ጋሽ አንጁሎና ሃያ ሁለቱ ደረጃ

ጋሽ አንጁሎ የሞቱ ቀን ፀጋነሽን ፎቅ ላይ ረሳናት።

ሌላውን ሁሉ አስታውሰናል። ባጃጅ የጠራ አለ፣ ውሃ ያመጣ አለ፣ ሚስታቸው ጋ ገበያ ድረስ የሮጠ አለ። እኔ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሆስፒታል ድረስ ሄጃለሁ። ሐኪሙ ወጥቶ አንገቱን ሲነቀንቅ ሰዓቴን አየሁ። ለምን እንዳየሁ አላውቅም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የእረፍት ደወል ከተደወለ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው። ያኔ ነው ትዝ ያለችኝ። ልጃቸው አምስተኛ ክፍል ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ፣ አባቷ መጥቶ እስኪያወርዳት እየጠበቀች ነው።

ስደርስ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ክፍለ ጊዜው ስፖርት ስለሆነ ሌሎቹ ሜዳ ወርደዋል። ቀሚሷ ርሷል። ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ሸፍናዋለች።

"ሜሮን፣ አባዬን ዛሬ ምን ነካው?" አለችኝ። ስትናገር ቃሉ ቀስ እያለ ነው የሚወጣላት። "ደወሉን አልሰማም እንዴ?"

"የሚሰፋው ልብስ በዝቶበት ነው" አልኳት። ዋሸኋት። ምን ልበላት?

አዘልኳት። ዓመቱን ሙሉ ሰውዬው ሲሸከሟት አይቻለሁ፤ ከሱቃችን በር ላይ ቆሜ፣ ስልኬን እየነካካሁ። ያን ቀን ደረጃው ግማሽ ላይ ስደርስ ግድግዳ ተደግፌ አረፍኩ። መውረድ ነው እኮ! መውጣቱ አይደለም።

እንግዲህ ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ። ልብስ ሰፊ ነበሩ። አጭር፣ አንገታቸው ወፍራም፣ የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ቤተክርስቲያን እንኳን ከአንገታቸው የማያወርዱ ሰው። አገራቸው ጉኑኖ ነው። እንሰታቸውንም ጓሯቸውንም ለታናሽ ወንድማቸው ትተው ሶዶ የገቡት በፀጋነሽ ምክንያት ነው። ልጅቷ ስትወለድ ታፍና ስለተወለደች እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ ቀኝ እጇም እንደዚያው። ጭንቅላቷ ግን የምላጭ ስለት ነው።

የስፌት መኪናቸውን ያቆሙት እኛ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት። ሱቁ የአጎቴ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እኔ በሕግ ተመርቄ ሥራ አጥቼ እዚያ እተይባለሁ። አጎቴ ዲግሪዬን በፍሬም አድርጎ ከኮፒ ማሽኑ በላይ ሰቅሎታል፤ ደንበኛ ይስባል ብሎ። የሳበው ጋሽ አንጁሎን ነው።

መጀመሪያ ቀን ገብተው ፍሬሙን አንጋጠው አዩት።

"ሕግ ነው ያጠናኸው?" አሉኝ። አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ አንተና አንቺ ይቀላቀልባቸዋል፤ እኔን ሴቲቱንም አንተ ነው የሚሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"እንግዲያው ለልጄ የወጣውን ሕግ አውጣልኝ።"

"የትኛውን?"

"ያለውን ሁሉ።"

አወጣሁላቸው። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስለ አካል ጉዳተኞች ያለውን፣ የሕንፃ አዋጁን፣ አገራችን የፈረመችውን ዓለም አቀፍ ስምምነት። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው የስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክርና ከአዝራሩ ጋር አስቀመጡት። ደንበኛ ሲጠፋ አውጥተው ይመጣሉ። "ሜሮን፣ እስቲ ያቺን ስለ ደረጃ የምትለዋን አንብብልኝ።" አነባለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ሲያልቅ "እግዚአብሔር ይስጣቸው" ይላሉ።

እውነቱን ልናገር፣ ያናድዱኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ሕግ ሸምድጄ ፎቶ ኮፒ የማነሳ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ትዕግስቴ አለቀ።

"ጋሽ አንጁሎ፣ ማንን ነው የሚያመሰግኑት? ይሄ እኮ ወረቀት ነው! አንድም ሰው አይተገብረውም!"

መርፌ ላይ ክር እያስገቡ ነበር። ቀና አላሉም።

"ታላቅ ወንድም ነበረኝ" አሉ። "እንደ ፀጋ ነው፤ አይሄድም። ጊፋታ ሲመጣ፣ ታውቃለህ፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ለዘመን መለወጫ ቤት ይሞላል። ያኔ እሱን ከጥጆቹ ጋ እናስገባዋለን። በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። ሥጋ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ በቀዳዳ እሰጠዋለሁ። አባቴን ስንት ልጅ አለህ ሲሉት አምስት ይላል። ስድስት ነን። አምስት!"

ክሩ ገባ።

"እዚያው ከጥጆቹ ጋ ሞተ። አሁን መንግሥት ከነማህተሙ፣ ይቺ ልጅ ሰው ናት፣ ብሎ ጽፏል። የማያውቀኝ ሰው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ስለ ልጄ ደረጃ አስቦ ጽፏል። ላመሰግን አይገባኝም? ድሮ የሚያፍረው ወላጅ ነበር። አሁን የሚያፍረው ቢሮው ነው።"

"አላፈሩም እኮ!"

"ገና ነው። ማፈር ይለመዳል።"

ምን ትላላችሁ እንዲህ ላለ ሰው?

ደግሞ የተደረገላቸውን ነገር አይረሱም። ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ፀጋነሽ እስከ ስድስት ዓመቷ ድረስ ያለ ድጋፍ መቀመጥ አትችልም ነበር። እሱ ነው በየሳምንቱ እያሠራ፣ ለአባቷ እግሯን እንዴት እንደሚስቡ እያስተማረ ያስቀመጣት። ጋሽ አንጁሎ ያን ልጅ ሳይለኩት ሱሪ ሰፍተውለታል፤ ልክክ አለበት። "እንዴት አወቁ?" ሲላቸው "ልጄ ላይ ስታጎነብስ አምስት ዓመት አየሁህ" አሉት። ተሽከርካሪ ወንበርም ከአንድ ድርጅት አግኝታለች። ሰው ባገኙ ቁጥር ያንን ወንበር ያወራሉ፤ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መቀመጫው። የሰርግ መኪና ነው የሚመስላችሁ።

ወንበሩ ግን ደረጃው ሥር በሰንሰለት ታስሮ ነው የሚውለው።

እስከ አራተኛ ክፍል ምድር ቤት ነበር የምትማረው። ወንበሯን እየገፉ ክፍል ያስገቧታል፣ ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሳሉ፣ አለቀ። አምስተኛ ክፍል ፎቅ ነው። ሃያ ሁለት ደረጃ። ከአሮጌ ጂንስ ማዘያ ሰፉ፤ ድርብ ስፌት፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው። ጠዋት ያወጧታል። እረፍት ሲደወል ሥራቸውን ጥለው ሮጠው ያወርዷታል፤ ሽንት ቤት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ። ሲለቀቁ ደግሞ መውረድ። ፀጋነሽ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ከሞላት በኋላ ቁመቷ ተመዘዘ።

ፊዚዮቴራፒስቱ "አባባ፣ ቀጣዩ ታካሚዬ እርስዎ ነዎት" ብሏቸው ነበር። ሳቁበት።

አንድ እሁድ ቤተክርስቲያናቸው ጋበዙኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ግን "ምስክርነት አለኝ፣ መጥተህ ስማ" ብለው ስለያዙኝ ሄድኩ። የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። አንዷ ከደም ግፊት ተፈወስኩ አለች፤ እልል ተባለ። አንዱ የጠፋች ላሙን አገኘ፤ እልል ተባለ። ጋሽ አንጁሎ ሜትራቸውን እንዳንጠለጠሉ ተነሱ።

"ጌታ ይመስገን!"

"አሜን!"

"ስለ አዋጁ!"

አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት "ምን አገኘሁ ነው የሚለው?" አሉኝ።

ጋሽ አንጁሎ ቀጠሉ፤ ስለ ሕንፃ፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ መብት። ወንጌላዊው ቸኩሎ ማይኩን ተቀበላቸውና "ወንድማችን፣ ለልጅቷ እግር እንጸልይ" አለ።

"ለእግሯ እናንተ ጸልዩ" አሉ ጋሽ አንጁሎ። "እኔ የምጸልየው ለደረጃው ነው።"

ስቄ ልሞት ነበር። ሲወጡ ግን የሚስታቸው የአስቴር ፊት ቀልቷል። "በሰው ፊት አዋረድከኝ" አለቻቸው። 

የሚፈልጉት ነገር ተራራ አልነበረም። ምድር ቤት አንድ ክፍል አለ፤ የተሰበረ ዴስክና የድሮ መጽሐፍ የሚጣልበት። ዕቃው ወደ ላይ ይውጣ፣ አምስተኛ ክፍል ወደ ታች ይውረድ። በቃ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ዳይሬክተሩን ጠየቁ፤ "ከላይ ይፈቀድልኝ" አሉ። እኔ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ላስቲክ ውስጥ ያለውን ሕግ ሁሉ ጠቀስኩበት። ወደሚመለከተው ቢሮ ወሰዱት። አንድ ሃላፊ አንብቦ "ክፍሉ በሚቀጥለው ሳምንት ይወርዳል፣ ቃሌ ነው" አላቸው።

እየበረሩ ነው ሱቅ የገቡት። "የምስጋና ደብዳቤ ጻፍልኝ!"

"ገና እኮ አልተደረገም ጋሽ አንጁሎ።"

"ቃል ተሰጥቶኛል። እኛ አገር ሽማግሌ በሬ እሰጥሃለሁ ካለህ ቤትህ እስክትደርስ አትጠብቅም፤ እዚያው ቆመህ ትመርቀዋለህ። ተመርቆ ደግሞ ቃሉን የሚበላ የለም። ያፍራል።"

ያን ቀን ወረፋ ነበር፤ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል፣ ሰው ሁሉ ማስረጃ ኮፒ ያደርጋል። ከሳቸው ጋር የምከራከርበት ጊዜ አልነበረኝም። ኮምፒውተሩ ላይ የምስጋና ደብዳቤ ተዘጋጅቶ አለኝ፤ ውሃ ለገባላቸው ቀበሌ የጻፍኩት። ስም ቀየርኩ፣ "ውሃ" የሚለውን "የመማሪያ ክፍል" አደረግኩ፣ አተምኩ። "ችግራችንን ተረድታችሁ በአፋጣኝ መፍትሔ ስለሰጣችሁን…" ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሳቸው ፈረሙ፤ የቢሮው መዝገብ ቤት ተቀብሎ ማህተም አደረገበት።

ሳምንቱ አለፈ። ወሩ አለፈ። ጋሽ አንጁሎ ተመልሰው ሄዱ። ሲመለሱ ወደ መኪናቸው አልሄዱም። ቀጥ ብለው መጥተው አንድ ኮፒ ኪቦርዴ ላይ አስቀመጡ።

"ይሄን አንብብልኝ።"

የራሴ ደብዳቤ ነበር። ጥጉ ላይ በእስክርቢቶ "ተፈቷል፤ ከሪፖርት ጋር ይያያዝ" ተብሎ ተጽፎበታል።

ቃል ሰጥቷቸው የነበረው ሃላፊ ተቀይሯል። አዲሱ ፋይሉን ገልጦ "አባት፣ ምን ቀረብዎት? ጉዳይዎ አልቆ አመስግነዋል እኮ" አላቸው። ጉዳያቸው የቢሮው የተሳካ ሥራ ሆኖ ሪፖርት ተደርጓል። በኔ ደብዳቤ!

አነበብኩላቸው።  "ጋሽ አንጁሎ፣ እኔ ነኝ… ቸኩዬ ነው… የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው የቀየርኩት…"

ኮፒውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኔም ፈርሜበታለሁ" አሉ። ከዚያ የሰው ሱሪ ሊያሳጥሩ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስንት ማመልከቻ ጻፍኩ! "እንዲጣራ" ይባላል። ማንም አያጣራም። "እንክሰስ" አልኳቸው። "ክስ ተጀምሮ እስኪያልቅ አስረኛ ክፍል ትደርሳለች" አሉኝ፤ ይሄን እንኳን ከኔ በላይ ያውቁታል። አንድ ቀን በንዴት፣ "ይሄን ሕግ አውጥቼ ባልሰጥዎት ይሻል ነበር፤ ሕግ ተብዬ!" ብዬ ጮህኩ።

"ሕጉን አትስደብ" አሉኝ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። "ሕጉ ምን አደረገ? እሱም እንደ ፀጋ ነው። የሚሸከመው ሰው ይፈልጋል።"

በመጨረሻዎቹ ወራት ደረጃው ላይ መቆም ጀመሩ። ሰባት ወጥተው ቆም፣ ሰባት ወጥተው ቆም። ከሱቁ ሆኜ ሲስሉ ይሰማኛል። ፀጋነሽ ጀርባቸው ላይ ሆና በደህናው እጇ ላባቸውን ስትጠርግ አይቻለሁ። "ምነው ትንሽ ቤት ብትውል?" ያለቻቸው አስቴር ናት። "ወንድሜም ትንሽ ነበር የተባለው" አሏት።

ማክሰኞ ጠዋት አወጧት፣ ወረዱ፣ መኪናቸው ፊት ተቀመጡ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ እየጠገኑ ነበር። የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቆም ሰማሁ። ቀና ስል ግንባራቸው ጨርቁ ላይ ነው። የደከማቸው መስሎኝ ሁለት ገጽ ተይቤ ጨረስኩ። ይሄንንም ልናገር፤ ሁለት ገጽ።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ፀጋነሽን ጥግ ፍራሽ ላይ አስቀምጠዋታል። ሰው እናቷን ያጽናናል፣ እሷን አልፏት ይሄዳል። ከጉኑኖ የመጣው ታናሽ ወንድማቸው ደህና ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም። ቀስ ብሎ ለአስቴር ሲነግራት ሰማሁ።

"ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ። ጓሮ አለ፣ ቤት አለ፣ ምግብ አይጠፋም። አንቺ ወገብሽ አይችል። እዚህ ማን ይሸከማታል?"

አስቴር አለቀሰች። "ቅዳሜ ውሰዳት" አለች።

ፀጋነሽ ሰምታለች። ወደ እኔ ዞረች። "ጉኑኖ ትምህርት ቤት አለ፣ አይደል?"

"አለ።"

"ከአጎቴ ቤት የስንት ሰዓት መንገድ ነው?"

አላውቅም ነበር። አጎቷን አየሁት፤ ተነስቶ ከድንኳኑ ወጣ።

በነጋታው ቢሮው ሄድኩ። አዲሱን ሃላፊ አገኘሁት። "ያንን የምስጋና ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ምንም አልተደረገላቸውም። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። ሰውዬው ሞተዋል" አልኩት። በአንድ ትንፋሽ።

"ነፍስ ይማር" አለ። እስክርቢቶውን አስቀመጠ። "አንቺ የሕግ ምሩቅ አይደለሽም? ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጀሁ እያልሽኝ ነው እኮ።"

"አዎ፣ እያልኩህ ነው! ክሰሰኝ! ስትከሰኝ ክፍሉን ታየዋለህ!"

ሳቀ። ልጅ ናት ብሎ። "እህቴ፣ ስሜታዊ አትሁኚ። አዲስ ማመልከቻ አስገቢ፣ ኮሚቴ ያየዋል።"

"መቼ?"

"ሲሰበሰብ።"

አርብ ጠዋት አስቴር ቤት ሄጄ ፀጋነሽን አዘልኳት። "ቅዳሜ ገና ነው" አልኳት አስቴርን።  ማዘያውን ራሷ ትከሻዬ ላይ አጠበቀችልኝ፤ ለጋሽ አንጁሎ ትከሻ የተሰፋ ስለሆነ ሰፋኝ።

ፀጋነሽን ይዤ ደረጃው ሥር ቆምኩ። ደወል ተደውሏል፣ ተማሪ ሁሉ ወደ ክፍሉ ወጥቷል። ጀመርኩ። ስምንት፣ ዘጠኝ… ዘጠነኛው ላይ ወገቤን ቆረጠኝ። ግድግዳውን ያዝኩ። አስር ማለት አልቻልኩም። ቀስ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ማዘያውን ፈታሁት፣ እሷንም አጠገቤ አስቀመጥኳት። እያለቀስኩ ነበር። ከድካም ነው፣ ከንዴት ነው፣ አላውቅም።

"ሜሮን" አለች። "ወደ ላይ አታውጪኝ።"

"እሺ፣ እንውረድ። ትንሽ ልረፍና።"

"ወደ ታችም አታውርጂኝ። እዚሁ እቀመጣለሁ።"

"እዚህ? ደረጃ ላይ?"

"ሲወጡም ያዩኛል፣ ሲወርዱም ያዩኛል።"

ዳይሬክተሩ ከታች መጡ። ቆሙ። ማዘን ጀምረው ነበር፣ ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ከዚያ መፍራት ጀመሩ። "ልጄ፣ መተላለፊያ ነው እኮ። መዝጋት አይቻልም፣ ደንብ አለ። ሜሮን፣ አንሺያት እንጂ!"

"አልችልም" አልኳቸው። "እርስዎ ያንሷት።"

ወገባቸውን ያዙ። ደረጃውን ወደ ላይ አዩት። አላነሷትም።

ፀጋነሽ በደህናው እጇ አንድ እግሯን አነሳችና ወደ ግድግዳው አስጠጋች፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ለአንድ ሰው ማለፊያ ተከፈተ። "ይለፉ ጋሼ" አለች። ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጫማቸው እንዳይነካት እየተጠነቀቁ አለፉ።

ከላይ የሂሳብ አስተማሪው ድምፅ ይሰማል። ፀጋነሽ ደብተሯን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ እርሳሷን በግራ እጇ ያዘች፣ አንገቷን ወደ ላይ አቀናች። ትንፋሿን ሰብስባ፣ ቃል በቃል፣ ሕንፃው እስኪያስተጋባ ጮኸች።

"ቲቸር! ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ! እዚህ አይሰማም!"